ደም ሥሩ ንጹህ ነው፣ ደረት ግን ያፍናል፤ የደም ምርመራው ምን ያህል ይነግረናል?

ባህር ዳር ውስጥ ይሄን ታሪክ ያልሰማ ቤተሰብ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ሃምሳ ዓመት ያለፋት እናት ከገበያ ዕቃ ይዛ ስትመለስ ደረቷን ያፍናታል። ቆም ስትል ይለቃታል። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ትባላለች። የጨጓራ መድኃኒት ትውጣለች፣ ለውጥ የለም። ኢሲጂ ትነሳለች፣ ኢኮ ትታያለች፣ ሪፈር ይጻፍላታል፣ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ አበባ ይወስዷታል፣ አንጂዮግራፊ (ቀለም ተረጭቶ የልብ ደም ሥር በፊልም የሚታይበት ምርመራ) ትሠራለች። «እናቴ፣ ደም ሥርዎ ንጹህ ነው፣ ምንም የለብዎትም» ይላታል ሐኪሙ። ቤተሰቡ እልል ይላል። በሳምንቱ ያው ሕመም ይመለሳል። አሁን ግን የሚያምናት የለም። «ጭንቀት ነው»፣ «ነርቭ ነው» ትባላለች፣ እሷም ቀስ በቀስ መናገሩን ትተወዋለች።

«ደም ሥሩ ንጹህ ነው» እና «ልቡ ደህና ነው» አንድ ነገር አይደሉም። ይሄን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በዚህ ስህተት ብዙ ሰው በተለይ ብዙ ሴት ያለ ሕክምና ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ቀድሞ የልብ ደም ሥር በሽታ ያልተገኘባቸውን ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎች አንጂዮግራፊ አይቶ ነበር። ከባድ ጥበት የተገኘባቸው 38 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ የልብ ሕመምተኛ ናቸው ማለት አይደለም፣ የእውነት ጨጓራ ያለበትም፣ የጡንቻ ሕመም ያለበትም አለ። ግን ከመካከላቸው ቀላል የማይባለው ቁጥር ልቡ በቂ ደም እያጣ ነው። ጥፋቱ ያለው አንጂዮግራፊው ሊያየው በማይችለው ቦታ ነው።

አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ትልልቆቹን የልብ ደም ቅዳዎች ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆኑት ፊልሙ ላይ አይታዩም። ለልብ ጡንቻ የሚደርሰውን ደም መጠን በዋናነት የሚወስኑት ደግሞ እነዚያ የማይታዩት ናቸው። መራዊ ሄዳችሁ የቆጋን መስኖ ያያችሁ ይሄን ቶሎ ትረዱታላችሁ፦ ዋናው ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ወደ ማሳው የሚገባው ትንሹ ቦይ ከተዘጋ የታችኛው ገበሬ በቆሎው ይደርቃል። ዋናውን ቦይ ብቻ አይቶ «ውሃ አለ» ማለት ለዚያ ገበሬ አይጠቅመውም።

ልብ ደግሞ ከሌላው ጡንቻ የሚለይበት ነገር አለ። ቁጭ ባልንበት እንኳን ከሚደርሰው ደም ውስጥ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ኦክስጅን አሟጦ ይወስዳል። ስለዚህ ስንሮጥ ወይም ዕቃ ስንሸከም ተጨማሪ ኦክስጅን የሚያገኝበት ዋናው መንገድ አንድ ነው፣ ብዙ ደም እንዲመጣለት ማድረግ። ደም ሥሮቹ በሰዓቱ ካልሰፉ ያፍናል። አለቀ።

እንዲሰፉ የሚያዝዘው ማነው? ኢንዶቴሊየም የሚባለው ሽፋን ነው። ከጭንቅላት እስከ እግር ጥፍር ያለውን ደም ሥር ሁሉ ከውስጥ የሚያለብስ፣ የአንድ ህዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ስስ ነገር። ድሮ እንዲሁ ልባጥ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ፈርችጎት ይህ ሽፋን ሲፋቅ ደም ሥሩ መስፋት እንደሚያቅተው አሳየ፣ በኋላ ሽፋኑ የሚያመነጨው መልእክተኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ ታወቀ። ፈርችጎት፣ ኢግናሮ እና ሙራድ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሽፋኑ ሲታመም ናይትሪክ ኦክሳይድ ያንሳል፣ በተቃራኒው ደም ሥርን የሚያጠብቡ ነገሮች ይበዛሉ፣ ደም መርጋት ይቀለዋል፣ ነጭ የደም ህዋሳት ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ጥናት ይሄን በሰው ልብ ላይ አሳይቷል። አሲቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ልብ ደም ሥር ሲገባ የጤነኛው ሰፋ፣ የታመመው ግን ጭራሽ ጠበበ። ያው መድኃኒት፣ ተቃራኒ ውጤት።

አንዳንዴ ደግሞ አንጂዮግራፊው ላይ ጥበት ሳይኖር ቀለሙ ተጎትቶ ሲሄድ ይታያል። ይሄ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው መጀመሪያ የተገለጸው። በኋላ በ1996 መለኪያ ተበጀለት፦ ቀለሙ የደም ሥሩ ጫፍ እስኪደርስ ስንት የፊልም ምስል ያልፋል ተብሎ ይቆጠራል። በጤነኛ ሰው 21 ገደማ ነው፣ ከ27 ካለፈ ፍሰቱ ዘገምተኛ ነው ይባላል። እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ከጤነኞች ጋር ያወዳደሩ ብዙ ጥናቶች ወጥተዋል፣ በተለይ ከቱርክ ሐኪሞች። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። በዘገምተኞቹ ደም ውስጥ ኢንዶቴሊን፣ ኤዲኤምኤ፣ ሆሞሲስቲን (አሚኖ አሲድ ነው)፣ ሲአርፒ (ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር የሚጨምር ፕሮቲን)፣ አይካም-1 (ነጭ የደም ህዋሳት ግድግዳው ላይ የሚለጠፉበት ፕሮቲን) የሚባሉት ከፍ ብለው፣ የናይትሪክ ኦክሳይድ ምልክት ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ዜና ቲክቶክ ላይ ሲደርስ «የደም ሥርዎን ጤና በአንድ ጠብታ ደም ይወቁ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው ደግሞ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ትክክል ነው፦ አንድ ቲዩብ ደም ሰጥቼ አዲስ አበባ ሳልሄድ ማወቅ ከቻልኩ ለምን አላውቅም?

አሁን ባለው እውቀት አይቻልም። ምክንያቱን አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም «ገና ነው» ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ኢንዶቴሊንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓን ውስጥ የተገኘ፣ ደም ሥርን በኃይል የሚያጠብብ ፕሮቲን ነው። ግን ኢንዶቴሊየሙ አብዛኛውን የሚለቀው ወደ ደሙ ሳይሆን ወደ ጡንቻው በኩል ነው። ደም ውስጥ የምንለካው ትርፍራፊውን ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ናሙናው ወዲያው በበረዶ ተይዞ፣ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ ተሽከርክሮ፣ ከዜሮ በታች 70 ወይም 80 ዲግሪ ካልተቀመጠ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ራሱ ደግሞ ደም ውስጥ ዕድሜው ከሰከንድ ያነሰ ስለሆነ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ቅሪቱ ነው፣ ናይትሬት እና ናይትራይት። ናይትሬት ግን ከምግብም ይመጣል። ጎመንና ቀይ ሥር ሞልተውታል። ጾም ላይ ያለ ሰው ማታ ጎመን በልቶ ጠዋት ደም ቢሰጥ ያ ቁጥር የደም ሥሩን ሳይሆን የእራቱን ነገር ሊያወራ ይችላል።

ኤዲኤምኤ የሚባለው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳይመረት የሚከለክል፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ሳይንሱ ማራኪ ነው፣ እኔም ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርገው በእሱ ነው። በጤነኛ ሰው በሊትር ግማሽ ማይክሮሞል ገደማ ይገኛል። ግን በታመመውና በጤነኛው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው፣ የሁለቱ ቡድኖች ቁጥር ይደራረባል። በዚያ ላይ ኩላሊት ሲደክም በራሱ ይጨምራል። የመቶ ሰው አማካይ ከሌላ መቶ ሰው አማካይ መለየቱ ለጥናት ይበቃል፤ ፊታችሁ የተቀመጠችውን አንዲት እናት «አለባት» ወይም «የለባትም» ለማለት ግን አይበቃም።

ቮን ዊለብራንድ ፋክተር ደግሞ የኢንዶቴሊየም ህዋሳት አጠራቅመው የሚይዙት፣ ሲጎዱ ወይም ሲነቃቁ የሚለቁት ፕሮቲን ነው። ጥሩ ምልክት ይመስላል። ነገር ግን የደም ዓይነታቸው ኦ የሆኑ ሰዎች ከሌላው በተፈጥሮ በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ አላቸው። ዕድሜ ይጨምረዋል። ድንጋጤ ይጨምረዋል፣ መርፌ የሚፈራ ሰው ላይ እንኳን።

አሁን ወደ ራሳችን ቀበሌ ላምጣው፣ ምክንያቱም ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። ጣና ዙሪያ ወባ እንግዳ አይደለም። ፎገራ፣ ደምቢያ፣ ባህር ዳር ዙሪያ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲቋጥር ጤና ጣቢያው በትኩሳት ሰው ይሞላል። ወባ ደግሞ የቀይ ደም ህዋስ በሽታ ብቻ አይደለም። ፋልሲፓረም በሚባለው የወባ ዝርያ የተያዘው ቀይ ህዋስ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ይለጠፋል፣ ከሚለጠፍባቸው ነገሮች አንዱ ያው አይካም-1 ነው። ኢንዶቴሊየሙ ይነቃቃል፣ ቮን ዊለብራንድ ይለቃል፣ አይካም-1 ተቆርጦ ወደ ደም ይገባል፣ ሲአርፒ ወደ ሰማይ ይወጣል። አስቡት እንግዲህ። ለልብ ደም ሥር ተብለው ከተጠኑት ምልክቶች ብዙዎቹ በወባ፣ በሳንባ ምች፣ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ጥርስ ሥር በቋጠረ መግል ሁሉ ከፍ ይላሉ። አብዛኞቹ መነሻ ቁጥሮች የተሠሩት ወባ በሌለበት አገር፣ ሌላ ሕመም እንዳይኖርባቸው በተመረጡ ሰዎች ላይ ነው። እነዚያን ቁጥሮች ወስዶ በጥቅምት ወር ባህር ዳር ላይ ውጤት ማንበብ ሰውን ማሳሳት ነው። ሲአርፒን በተመለከተ እንኳን ለልብ አደጋ ግምት ሲውል ከ3 በላይ ከፍተኛ ነው ይባላል፣ ከ10 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ግን መጀመሪያ ኢንፌክሽን ፈልጉና ሰውየው ሲያገግም ድገሙት ነው ደንቡ። ይሄ ሁለተኛው ክፍል ሲነገር ብዙም አልሰማም።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ምልክትን ማስተካከል በሽታን ማስተካከል ላይሆን ይችላል። ሆሞሲስቲን ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ከፍ ያለበት ሰው የልብ አደጋው ከፍ ይላል፣ ፎሊክ አሲድና ቢ ቪታሚን ደግሞ ያወርዱታል። እንግዲህ ቪታሚን እንስጣ! ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጡት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ በሆፕ-2 እና በኖርቪት፣ ቁጥሩ ቆንጆ ሆኖ ወረደ፣ ሃርት አታኩ ግን አልቀነሰም። አርጂኒን የበለጠ ያስደነግጣል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ከአርጂኒን ስለሆነ ሃርት አታክ ላለፈባቸው ሰዎች ቢሰጥ ይጠቅማል ተብሎ ታሰበ። በዚያው 2006 በ153 ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት መሃል ላይ ቆመ፦ አርጂኒን ከወሰዱት ስድስት ሰዎች ሞተው ነበር፣ ካልወሰዱት አንድም። ዛሬ ይሄው ነገር በዱቄት ታሽጎ ጂም ውስጥ ይሸጣል። የልብ ሕመም ያለበት ወንድም ወይም አባት ካላችሁ እባካችሁ ይሄን ንገሩት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ርካሹን ምርመራ አትናቁት እላለሁ። የኩላሊት ማጣሪያ ራሱ በኢንዶቴሊየም የተሸፈነ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ማምለጥ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የዴንማርኩ ስቴኖ ሆስፒታል ሐኪሞች የስኳር ሕመምተኞችን ሲከታተሉ ይሄ የኩላሊት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነት ያለው የደም ሥር ሽፋን መጎዳቱን የሚያሳይ ነው ብለው ጻፉ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም ሽንቱ ውስጥ አልቡሚን ያለበት ሰው የልብ አደጋው ከፍ እንደሚል ደጋግመው አረጋግጠዋል። የጠዋት ሽንት ነው የሚፈለገው፣ መርፌ የለውም። በአንድ ግራም ክሪያቲኒን (በሽንት የሚወጣ የጡንቻ ቆሻሻ) ከ30 ሚሊግራም በላይ አልቡሚን ከተገኘ ከፍ ያለ ነው። ይሄም ትኩሳት ሲኖር፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲኖር፣ ከባድ ስፖርት ከተሠራ በኋላ ለጊዜው ይጨምራል፣ ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተደግሞ ሁለቴ ሲገኝ ነው የሚታመነው። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራ ወረቀት ትንሹን መጠን ስለማይይዝ «ኔጋቲቭ» ሲል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ደም ብዛትና ስኳር ያለበት ሰው አልቡሚንና ክሪያቲኒን አንድ ላይ የሚለካውን ይጠይቅ።

ከዚያ ደም ብዛት አለ፣ የሦስት ወር ስኳር አለ፣ ኮሌስትሮል አለ፣ ሲጋራ አለ። እነዚህ የኢንዶቴሊየም ምልክት ብቻ አይደሉም፣ ሽፋኑን የሚበሉት ራሳቸው ናቸው። እዚህ አካባቢ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደም ብዛትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ከየመን የወጡ ጥናቶች አዘውትሮ መቃምን ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል። ደረቱን የሚወጋው ሰው ከቃመ በኋላ የሚብስበት ከሆነ ሐፍረት ይዞት ሳይናገር መቅረቱ ሐኪሙን ያሳስተዋል። ሁለተኛው ጭስ ነው። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ እናት ሠላሳ ዓመት በእንጨት እንጀራ ጋግራ ሊሆን ይችላል። የጭስ ጥቃቅን ብናኝ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም፣ የደም ሥር ሽፋንንም ይጎዳል። «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ተብላ «አላጨስም» ስትል ታሪኩ ተዘግቶ ያልፋል። በምን እንደምትጋግርም መጠየቅ አለበት።

ሴቶችን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሄ ዓይነቱ ሕመም በእነሱ ይበዛል፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ለናይትሪክ ኦክሳይድ ይሰጠው የነበረው ድጋፍ ሲቀንስ። «ጭንቀት ነው» የሚባሉትም በብዛት እነሱ ናቸው። ያናድዳል።

እርግጠኛ የሚያደርገው ምርመራ ትንንሾቹ ደም ሥሮች ምን ያህል መስፋት እንደሚችሉ በካቴተር (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚለካው ነው፣ አዴኖሲን የሚባል ደም ሥርን የሚያሰፋ መድኃኒትና አሲቲልኮሊን ተሰጥቶ። አንጂዮግራፊ ራሱ በአገራችን በጥቂት ቦታ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ይሄን ከዛሬ ነገ እንጠብቅ አልልም። ግን የሕመሙን ምንነት ማወቁ ለውጥ ያመጣል። ስኮትላንድ ውስጥ ኮርሚካ በሚባል ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ደም ሥራችሁ ንጹህ ነው የተባሉ 151 ሕመምተኞች ሁሉም ይሄ ምርመራ ተሠራላቸው፤ ውጤቱ ግን የተነገረው ለግማሾቹ ሐኪሞች ብቻ ነው። በስድስት ወሩ፣ ሐኪማቸው ውጤቱን አውቆ በዚያው ልክ ያከማቸው ሰዎች የደረት ሕመማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀለለ፣ ኑሯቸውም ተሻሻለ። የተሰጧቸው መድኃኒቶች ብርቅ አይደሉም፤ ልብ ምትን የሚያረጋጉ፣ ደም ሥርን የሚያላሉ፣ ኮሌስትሮልን የሚያወርዱ፣ ብዙዎቹ የደም ብዛት ሕመምተኛ ቤት ውስጥ የሚገኙ ናቸው። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው፣ ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ አይደለም።

ስለዚህ «ንጹህ ነው» ተብሎ የመጣ ሰው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ትልልቁ ደህና ከሆነ ትንንሾቹ ሊሆኑ ይችላሉ ወይ? ፍሰቱስ ፊልሙ ላይ ይዘገይ ነበር?» የአንጂዮግራፊውን ሲዲና ወረቀት አትጣሉ፣ በኋላም ሊታይ ይችላል። ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚጀምር ይመዝገብ። ዕረፍት ላይ ሆነው ከ15 ደቂቃ በላይ የሚያፍን፣ ላብ የሚያስመጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ግን ምዝገባም ቀጠሮም የለም፣ ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለ። ላይፕዚግ፣ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 19 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለአራት ሳምንት አየ። ክትትል እየተደረገላቸው ስፖርት የሠሩት የልብ ደም ሥራቸው ለአሲቲልኮሊን የሚሰጠው ምላሽ በግልጽ ተሻሻለ። ደም በፍጥነት ሲያልፍ ሽፋኑን ይዳስሰዋል፣ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ ማምረቱን ይጨምራል። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ የብስክሌት ከተማ ናት፣ ዳር ዳሩን ሐይቁን ይዞ የሚኬድበት መንገድ አላት። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በቀስታ መጀመር ነው።

ለዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ተመራማሪዎችም አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ምልክቶች እኛ ጋ ምን ማለት እንደሆኑ ሌላ አገር ሊነግረን አይችልም። የልብ ሕመም የሌለባቸውን የከተማና የሐይቅ ዳር ሰዎች ይዞ፣ አንዴ በጥቅምት ወባው ሲበዛ፣ አንዴ ደግሞ በየካቲት፣ የዚያኑ ሰው ደምና የጠዋት ሽንት መለካት፤ ማን ወባ እንደያዘው፣ ማን በእንጨት እንደሚጋግር፣ የማን ደም ዓይነት ኦ እንደሆነ መመዝገብ። ደሙ ቢቀር እንኳን ከሽንት አልቡሚንና ከደም ብዛት መጀመር ይቻላል፣ ለሁለቱ ቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ አያስፈልግም።